የማን እጅ ይባረክ?

በአማርኛ ለምግብ የሚሰጠው ትልቁ ምስጋና ስለ ምግቡ አይደለም፤ ስለ እጅ ነው። እንግዳ በልቶ ሲያበቃ «ጣፍጦኛል» ብቻ ብሎ አይነሣም። «እጅሽ ይባረክ»፣ «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» ብሎ ይመርቃል። ዳቦ ቤት ሄዶ ዳቦ ለሸጠለት ሰው እንዲህ ያለውን ምርቃት የሚያወርድ ግን እምብዛም አይገኝም። ለተገዛው ዋጋ እንከፍላለን፤ ለተሠራልን እንመርቃለን። ለመሆኑ ይህ ልዩነት ከየት መጣ? በቤት ውስጥ፣ ከዱቄቱ ጀምሮ በእጅ የተሠራ ምግብ ከተገዛው የሚበልጥበት ምክንያት አለው ወይ? ካለውስ ምክንያቱ የጣዕም ነው ወይስ የምግባር?

ጥያቄው አየር ላይ እንዳይንጠለጠል በአንድ ምግብ ላይ ላሳርፈው፤ በፈጢራ። በበኩሌ እሑድ እሑድ ጠዋት ፈጢራ እሠራለሁ። ወንድ ስለሆንኩ ይህን ስናገር የሚስቅ አይጠፋም። ስቆ ሲያበቃ ግን ማንበቡን እንዲቀጥል እለምነዋለሁ።

ፈጢራ የድሬዳዋና የሐረር ሰው የሚያውቀው የጠዋት ምግብ ነው፤ በአዲስ አበባ ቁርስ ቤቶችም ከፉልና ከጨጨብሳ ጎን ስሙ ይጠራል። አሠራሩ በአፍ ሲነገር ቀላል ነው። የስንዴ ዱቄት፣ ጨው፣ ለብ ያለ ውሃና ጥቂት ዘይት ይቀላቀላሉ። ሊጡ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ድረስ ይታሻል። ከዚያም ድቡልቡል እየተደረገ፣ ዘይት ተቀብቶና ተሸፍኖ እንዲያርፍ ይተዋል። ይህ ዕረፍት የግድ ነው። በስንዴ ውስጥ ያሉት ግሉተኒንና ግሊያዲን የሚባሉ ፕሮቲኖች ከውሃ ጋር ተገናኝተው ሲታሹ ግሉተን የተባለ የሚለጠጥ መረብ ይሠራሉ። ጤፍ ይህ ስለሌለው ነው ከጤፍ ሊጥ ፈጢራ የማይወጣው። ነገር ግን አዲስ የታሸ ሊጥ ሲስቡት ይሸሻል፤ ሲለቁት ይሰበሰባል። ቢጎትቱት ይቀደዳል። ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ሲያርፍ መረቡ ይላላና እሺ ይላል። ያኔ ዘይት በተቀባ ጠረጴዛ ላይ በመዳፍ እየተገፋ፣ ከጠርዙ እየተሳበ፣ ከሥሩ የጠረጴዛው ቀለም እስኪታይ ድረስ ይሳሳል። መሀሉ ላይ የተመታ እንቁላል ይፈስበታል፤ እንደ ቤቱ ልማድ ሽንኩርትና ቃሪያም ይገባበታል። ዙሪያው ወደ ውስጥ ታጥፎ እንደ ፖስታ ይዘጋል፤ በጋለ ምጣድ ላይ ወዲያና ወዲህ እየተገላበጠ ይጠበሳል። ተቆራርጦ ማር ይፈስበታል።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ቁርስ እንዲቀርብ እጅ 12 ሰዓት ላይ ዱቄት ውስጥ መግባት አለበት። ተበልቶ የሚያልቀው ግን በሃያ ደቂቃ ነው። ታዲያ ጥግ ላይ ካለው ቁርስ ቤት ገዝቶ መምጣት እየተቻለ ይህ ሁሉ ለምን?

የመጀመሪያው መልስ የገንዘብና የንጽሕና ነው፤ የቤቱ ይረክሳል፣ ዘይቱም የታወቀ ነው ይባላል። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ግን ለጥያቄያችን አይበቃም። ነገ አንድ ቁርስ ቤት ከቤታችን የረከሰና የጸዳ ፈጢራ ቢሸጥልን ምርቃታችንን ወደዚያ እናዞራለን? አናዞርም። ስለዚህ የምንመርቀው ሌላ ነገር አይተን ነው።

ሁለተኛው መልስ «ከባዶ ተነሥቶ መሥራት» የሚያሰጠው ክብር ነው። ይህኛው ትንሽ ያቆየናል፤ ቃሉ ራሱ ያቆየናልና። «ፈጢራ» ከዐረብኛ የመጣ ስም ነው። በዚያ ቋንቋ ያልቦካ ሊጥ «ፈጢር»፣ ቁርስ ደግሞ «ፉጡር» ይባላል፤ የጾም መፍቻው «ኢፍጣር»፣ በዓሉም «ኢድ አል ፈጥር» ከዚሁ ሥር የወጡ ናቸው። ሥሩ መሰንጠቅን፣ መክፈትንና መጀመርን ይይዛል፤ መፍጠርንም ጭምር። የግእዙና የአማርኛው «ፈጠረ» የዚሁ ሥር ዘመድ ነው። እንዲህ ሲታይ ማለዳ ተነሥቶ ሊጥ የሚያሽ ሰው ሁሉ አንድ ትንሽ ፈጣሪ ይመስላል።

ነገር ግን ሰው ከባዶ አይሠራም። ዱቄቱን አንድ የአርሲ ወይም የባሌ ገበሬ አርሶ፣ ዘርቶና አጭዶ ነው ያመጣው፤ ሌላው ፈጭቶታል። ጨው ከሚመረትባቸው ስፍራዎች አንዱ በአፋር የሚገኘው የአፍዴራ ሐይቅ ነው፤ እዚያ ፀሐይ ያደረቀውን ጨው በዚያ ሙቀት የሚሰበስቡት ሰዎች ናቸው። ዘይቱ ብዙውን ጊዜ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። በ2014 ዓ.ም. በዩክሬን ጦርነት ሲነሣ የዘይትና የስንዴ ዋጋ በዓለም ገበያ ላይ ሲንር፣ ዩክሬን በካርታ ላይ የት እንደሆነች የማያውቅ ማጀት ሁሉ ወሬውን በመጥበሻው ሰማ። ማሩንም ንብ ነው የሠራው። እንግዲህ «እኔ ራሴ ከባዶ ሠራሁት» የሚል ሰው እጁ የነካውን የመጨረሻውን ክንድ ያህል መንገድ ብቻ ነው የሚቆጥረው። ከዚያ በፊት ያለው ረጅም መንገድ በሰው እጅ የተሞላ ነው።

የፈጢራ ዘመድ የሆነውን ሳምቡሳን ብንወስድም ነገሩ ያው ነው። በደምቡ ከተሠራ ሁለት ስስ ቂጣ ዘይት በመሀላቸው ተቀብቶ አንድ ላይ ይዳመጣል፤ ምጣድ ላይ ለአፍታ ተነካክቶ ይነጣጠላል፤ ተቆርጦና እንደ ጥቅል ወረቀት ተጠቅልሎ በምስር ወይም በሥጋ ይሞላል። በአሜሪካ ከሚኖሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ ይህን ሁሉ ትተው ሜክሲኮዎች ቶርቲያ የሚሉትን ቂጣ ከሱቅ ገዝተው ይጠቀልሉበታል። ይህን አይቶ «ይሄማ ሳምቡሳ አይደለም» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ሁለት ፈረቃ ሠርታ ወደ ቤቷ የገባች ሴት በተገዛ ቂጣ ለልጆቿ ሳምቡሳ ብትጠቀልል ከምስጋናው ምን እንደሚቀነስባት አይታየኝም። ሁሉም ሰው የሆነ ቦታ ላይ ከሌላ ሰው እጅ ተቀብሎ ነው የሚጀምረው። እሷ ሁለት እርምጃ ወደፊት ሄዳ ጀመረች፤ ይኸው ነው ልዩነቱ።

ሦስተኛው መልስ ከሁሉም ይልቅ ልብ የሚነካው ነው። በእጅ የተሠራው የሚበልጠው ድካም ስላለበት ነው ይላል። ድካም ደግሞ ፍቅር ነው፤ አንድ ሰው ሁለት ሰዓት ዕድሜውን ቆርሶ ሰጥቶኛል ማለት ነው። ዕድሜ የማይመለስ ገንዘብ ስለሆነ ከብሩ ይበልጣል። ብዙዎቻችን የእናታችንን ምግብ በዚህ ሚዛን ነው የምንመዝነው።

ይህን መልስ እኔም እወደዋለሁ። ግን ሳይፈተሽ የሚታለፍ አይደለም። ድካም በራሱ ፍቅር ቢሆን ኖሮ በዓለም ላይ ከሁሉ የበለጠ ፍቅር የሚገኘው በባርያ ፈንጋይ እርሻ ላይ በሆነ ነበር። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ሊጥ፣ ለአንድ ያህል ሰዓት ሊያሹ ይችላሉ። አንዱ ልቡ ፈቅዶ ነው፤ ሌላው እንቢ ቢል የሚወድቅበትን ስለሚያውቅ። ሊጡ ልዩነቱን አይናገርም፤ ግሉተኑም ያው ይሠራል። የበላተኛውም ምላስ አይለይም። ስለዚህ ድካሙን ስጦታ የሚያደርገው የድካሙ ብዛት አይደለም። መከልከል ሲችል የሰጠ ሰው ነው ሰጠ የሚባለው።

ግሪካዊው አሪስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ መሥራትንና ማድረግን ለያይቶ ነበር። መሥራት ግቡ ከራሱ ውጪ ነው፤ ቤት የሚሠራ ሰው ቤቱ ሲያልቅ ሥራው ያበቃል። ማድረግ ግን ግቡ በራሱ ውስጥ ነው፤ መልካም አድርጎ መገኘት። ፈጢራን ከሠሪው ለይተን ካየነው የሥራ ውጤት ብቻ ነው፤ ከቁርስ ቤቱ ፈጢራም ጋር ያለ አድልዎ ይወዳደራል፤ ብዙ ጊዜም ይሸነፋል። «እጅሽ ይባረክ» ስንል ግን የምንመርቀው ማድረጉን ነው፤ የተሠራውን ዕቃ አይደለም። እንግዲህ የሚባረከው ማድረጉ ከሆነ፣ አድራጊው ማን እንደሆነና በምን ሁኔታ እንዳደረገው ሳይጠይቁ መመረቅ ባዶ ቃል ነው።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄው ወደ ማጀታችን የሚገባው። በየቤቱ «ከዱቄቱ ጀምሮ እቤት ነው የተሠራው» እየተባለ የሚቀርበውን ቁርስ የሠራው እጅ የማን ነው? በብዙ ቤት የባለቤቲቱ አይደለም፤ የባለቤቱማ ከቶ አይደለም። ከገጠር የመጣች፣ ማታ ከሁሉም ኋላ ተኝታ ማለዳ ከሁሉም በፊት የተነሣች የአንዲት ልጅ እጅ ነው። ምርቃቱ ሲዘንብ የሚያርፈው ግን በእመቤቲቱ ላይ ነው። «ባለሙያ ነሽ» የምትባለው እሷ ናት። ልጅቱ ሳህን ለማንሣት ስትገባ «እስቲ ሻይ ጨምሪ» ትባላለች።

ነገሩ የኛ ብቻ አይደለም፤ ጥንትም የነበረ ነው። በህንድ አገር በማንዱ የነገሠው ጊያት ሻህ የተባለ ሱልጣን እ.ኤ.አ. በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ያስጀመረው «ኒማትናማ» የተባለ ባለ ሥዕል የምግብ መጽሐፍ አለ፤ ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። በውስጡ የብዙ ዓይነት ሳምቡሳ አሠራር ተጽፏል። በሥዕሎቹ ላይ ሱልጣኑ ከነጢሙ ጉብ ብሎ ይታያል፤ የትኛውም ገጽ ላይ ቢሆን እሱነቱ አይጠፋም። በዙሪያው ቆመውና ተቀምጠው የሚሠሩት ሴቶች ግን ስም የላቸውም። ያሠራው ታወቀ፤ የሠሩት ቀሩ። ሐና አረንት የተባለችው ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመችው መጽሐፍ ስለዚህ ዓይነቱ ሥራ ጽፋለች። ሲሠራ ውሎ ወዲያው የሚበላ፣ ነገ እንደገና ከሀ የሚጀመር፣ ዱካ የማይተው ሥራ አለ፤ ዱካ ስለማይተውም ሠሪው ይረሳል። ቤት የሠራ ሰው የሚያሳየው ግድግዳ አለው። ፈጢራ የሠራ ሰው ያለው የታጠበ ሳህን ነው።

በእኛ አገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የእጅ ሥራን እየተጠቀምን ባለ እጁን የመናቅ የቆየ ልማድ አለብን። ማረሻውን እየወሰድን ብረት ሠሪውን፣ ጋቢውን እየለበስን ሸማኔውን ስንሰድብ ኖረናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በሥራው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለነበር ነው። ዛሬ ስድቡ ቀንሶ ይሆናል፤ ቅርጹን ግን ለውጦ በማጀት በኩል ገብቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የቤት ሠራተኛን የመሰለውን የግል አገልግሎት ቅጥር ከወሰኑ አውጥቶ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንዲወስነው ተወው። በአንጻሩ የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያጸደቀው 189ኛው ስምምነት ለቤት ሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ የዕረፍት ሰዓት እንዲሰጥ ይላል። አንድ ሙሉ ቀን መሆኑ ነው። የእሑድ ቁርሳችንን የምትሠራልን ልጅ እሑድ አላት ወይ? ሊጥ ሳያርፍ ቢለጠጥ እንደሚቀደድ እናውቃለን፤ ሰዓት ይዘን እንጠብቀዋለን። ያሸችውን ልጅ ግን ሰዓት ይዘን የምንጠብቃት እንድትነሣ ነው።

ባሕር ማዶም ያው ነው። በረመዳን ወር በሪያድና በጅዳ ቤቶች ሳምቡሳ ከኢፍጣር ማዕድ አይጠፋም። በየቀኑ ከሚያጥፉት እጆች መካከል የኛ ልጆች እጅ አለበት። በእነሱ ላይ የሚደርሰውን ስንሰማ እንቆጣለን፤ ቁጣችንም ተገቢ ነው። ግን ቁጣችን ወደ ራሳችን ማጀት ሲደርስ ለምን ይበርዳል?

አንባቢዬ እዚህ ላይ የሚያነሣው ተቃውሞ ይታየኛል። «ነገሩን አጋነንከው። እናቴ ለእኛ የሠራችው ደስ ብሏት ነው። ፍቅሯን በሕግ ቋንቋ አታቆሽሽብን» ይለኛል። ተቃውሞው ክብደት አለው። በፍቅር የሚሠራ እጅ መኖሩን የሚክድ ሰው እናት የሌለው መሆን አለበት። ነገር ግን ፍቅሩን የሚያከብር ሰው ሁለት ነገር ቢጠይቅ ፍቅሩ አይጎዳም። አንደኛ፦ አንድ ቀን «ዛሬ ደክሞኛል፣ አልሠራም» ብትል ፊታችን ይጠቁራል ወይስ አይጠቁርም? የሚጠቁር ከሆነ እስከ ዛሬ የበላነው በከፊል ስጦታ፣ በከፊል ግብር ነበር። ሁለተኛ፦ የሠራችውን በትኩሱ በልታ ታውቃለች ወይ?

ሁለተኛው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ፈጢራ የሠራ ሰው ግን ክብደቱን ያውቀዋል። ፈጢራ ትኩሱን ካልተበላ ፈጢራነቱ ይቀራል፤ ይለሰልሳል፣ ዘይቱ ይረጋል። ምጣዱ ደግሞ የሚይዘው አንድ በአንድ ነው። ስለዚህ አምስት ሰው ሲበላ አንድ ሰው የግድ ይቆማል። የቆመው ሰው ለራሱ የመጨረሻውን ሲያወጣ ሌላው አፉን ጠርጎ ተነሥቷል፤ ሻዩም ቀዝቅዟል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ማለት ይኼ ነው። በየቤቱ ለዓመታት የሚቆመው ሰው ያው አንድ ሰው ከሆነ፣ ያ ቤት በፍቅር የተሞላ ሊሆን ይችላል፤ ፍትሕ ግን ጎድሎታል።

በእኛ ቤት የያዝነው ደንብ የመጀመሪያውን የበላ ሰው ተነሥቶ ምጣዱን እንዲረከብ ነው። ሁላችንም በየተራ እንቆማለን፤ ልጆችም ጭምር። ውጤቱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አያምርም። ልጆቹ የሚያሳሱት ሊጥ ይበሳል፤ እንቁላሉ እየፈሰሰ ምጣዱ ላይ ይጠበሳል፤ ከአምስቱ ሁለቱ ቅርጽ የላቸውም። አንድ የለመደ እጅ ብቻውን ቢሠራው አምስቱም ያምሩ ነበር። ይህ እውነተኛ ዋጋ ነው፤ ሙያ የሚጠራው አንድ ሰው ደጋግሞ ሲሠራው ነውና። እኔ ግን ሁሉም ተቀምጦ የሚበላውን የተቀደደ ፈጢራ እመርጣለሁ። ጎረቤት መጥቶ ቢስቅብን ተራ እንሰጠዋለን።

ይህ ማለት ቁርስ ቤቱን እንናቅ ማለት አይደለም። እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በገዛ እጁ አንድ ጊዜ ሊጥ አሳስቶ የሚያውቅ ሰው ማለዳ በየሰፈሩ ፈጢራ የሚያዞሩትን፣ በየመንገዱ ዳር ሳምቡሳ የሚጠብሱትን ሰዎች እጅ በሌላ ዓይን ያያል። ከስንት ሰዓት ጀምረው እንደቆሙ ያውቃል፤ በሳንቲም አይከራከርም። በአግባቡ የተከፈለ ዋጋም አንድ ዓይነት ምርቃት ነው። ሳይከፈል ከሚበላ የቤት ፈጢራ ተገቢው ዋጋ የተከፈለበት የመንገድ ዳር ሳምቡሳ በምግባር ሚዛን ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ ስንመለስ፣ በቤት የተሠራው ከተገዛው የሚበልጥበት ጊዜ አለ። የሚበልጠው ግን በቤት ስለተሠራ አይደለም። የሠራው እጅ መተው ይችል ስለነበረ፣ ከበሉትም ጋር ተቀምጦ ስለበላ ነው። ይህ ሲጓደል «የቤት» የሚለው ቃል የሚሸፍነው እንጂ የሚያከብረው ነገር የለም። ምርቃት ዕዳ ያለበት ቃል ነው፤ «እጅሽ ይባረክ» ያለ ሰው ያ እጅ የሚያርፍበትን ሰዓትም አብሮ መስጠት አለበት። ምርቃቱን ከመናገራችን በፊት ቀና ብለን ምጣዱ ዘንድ ማን ቆሞ እንደቀረ እንይ። ከዚያ አንዳችን እንነሣ።